ለከባድ ስህተት የሚመጥን ቃል

በአዘዞ አካባቢ የሚያስተምሩ አንዲት የጎንደር መምህርት የላኩልን ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ፣ እንዲህ ይላል።

«በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በአንዱ የ11ኛ ክፍል ምድብ 62 ተማሪዎች አሉኝ። ባለፈው ወር የአንድ ገጽ ድርሰት አስጽፌ ሳርም ትዕግሥቴ አለቀና፣ ከደንቢያ ገጠር መጥቶ፣ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ በሚላክለት ስንቅ በሚማር አንድ ልጅ ወረቀት ላይ ‹አሳፋሪ እንግሊዝኛ› ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩበት። ልጁ ከዚያ ወዲህ የጽሑፍ ሥራ ስሰጥ ስሙን ብቻ ጽፎ ባዶ ወረቀት ይመልስልኛል። በዚያው ሰሞን ስለ ተማሪዎቻችን የጽሑፍ ችሎታ በእንግሊዝኛ ሪፖርት እንዳቀርብ ታዘዝኩና ስህተቶቻቸውን ‹ሆረብል› አልኳቸው። አንዱ ባልደረባዬ ቃሉ በዝቷል አሉኝ፤ ሌላው ደግሞ እንዲያውም አለሳለስሽው አሉኝ። ከባድ ስህተትን ከባድ ማለት ነውር ነው ወይ? ካልሆነስ ምን ብዬ ልጥራው?»

እኅቴ መምህርት፣ ከባድ ስህተትን ከባድ ማለት ነውር አይደለም። ከባዱን ቀላል ብሎ ማለፍ ልጁን በማያውቀው መንገድ ብቻውን መስደድ ነውና፣ ቃልዎ በዛ ያሉዎት ባልደረባ ስህተቱን አሳንሰው እንዲያቀርቡ ፈልገው ከሆነ ምክራቸውን አይቀበሉ። አለሳለስሽው ያሉዎትም የባሰ የሚያቆስል ቃል እንዲፈልጉ ፈልገው ከሆነ እሳቸውንም አይስሙ። ሁለቱም የለኩት የቃሉን ኃይል ነው፤ ቃሉ ምን እንደሚናገር ግን አልጠየቁም። «ሆረብል» ከላቲን ሥሩ ጀምሮ ሰውነትን ስለሚያንዘፈዝፍና ጠጉር ስለሚያቆም ነገር የሚናገር ቃል ነው። ስለዚህ ሪፖርትዎን ያነበበ ሰው እርስዎ ወረቀቶቹን ሲያርሙ ምን እንደተሰማዎት ይረዳል፤ ተማሪዎቹ የሳቱት የቱን እንደሆነ፣ ስንቶቹ እንደሳቱ፣ በመሳታቸውም አንባቢ ምን እንዳጣ ግን ከዚህ ቃል ሊያገኝ አይችልም። «አሳፋሪ» ያሉትም እንዲሁ ነው። ሐፍረት በእኛ ዘንድ ከሥራው አልፎ ሠሪውን፣ ከሠሪውም አልፎ ያሳደጉትን የሚነካ ነገር ስለሆነ፣ ያ ልጅ ቃሉን ያነበበው በስንቁ ላይ እጃቸው ያለበትን ሰዎች ጨምሮ እንደሆነ እገምታለሁ።

ለስህተት ትክክለኛ ስም መስጠትን በተመለከተ የራሳችን ቋንቋ ደህና አድርጎ ያስተምራል። «ስህተት» የመጣው «ስሕተ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ መንገድ መሳት፣ መባዘን ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ኤረር» የተወለደበት የላቲን ግስም መቅበዝበዝን፣ ከመንገድ መውጣትን ይናገራል። ምንም የማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች የተሳሳተን ሰው መንገድ እንደጠፋው እግረኛ አድርገው ማየታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። መንገድ የጠፋውን ሰው ደግሞ ማንም አይሰድበውም፤ የሳተበትን መገንጠያ ያሳየዋል። «ግድፈት» ከ«ገደፈ» የወጣ ነው፤ ጾም ገደፈ እንደምንለው ሁሉ፣ የተዘለለ ፊደል ወይም የተረሳ ቃል ሲኖር ግድፈት እንላለን። «ሕፀፅ» ጉድለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ለሐሳብና ለአመክንዮ መጓደል እንጠቀምበታለን። «ጥፋት» ግን የሌላ ቤት ቃል ነው። ጥፋት አጥፊ አለው፤ አጥፊም ይጠየቃል፣ ይቀጣል፣ ይክሳል። አንዲት ቃል የዘለለን ተማሪ «አጠፋህ» ማለት የግድፈትን ጉዳይ ዳኛ ፊት ማቅረብ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ለእርስዎ ጉዳይ የሚጠቅመው ከቅኔ ቤት የተገኘው «ጸያፍ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ጸያፍ ስንል ነውረኛ ንግግር ማለታችን ነው። በቅኔ ቤት ግን የሰዋስውን ሥርዓት የጣሰ አነጋገር ጸያፍ ይባላል፤ ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ነግሮ «ይህ ጸያፍ ነው» ሲባል ተሰደብኩ ብሎ ፊቱን አያዞርም፤ በየትኛው አገባብ እንደሳተ ጠይቆ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ቃሉ ከውጭ ሲሰሙት እንደ ጅራፍ የከረረ ሆኖ ሳለ በዚያ ቤት የማያቆስለው፣ መምህርና ተማሪ በትርጉሙ አስቀድመው ስለተስማሙ ነው። እርስዎና 62ቱ ተማሪዎችዎ ግን «አሳፋሪ» በሚለው ቃል ላይ ያደረጋችሁት ስምምነት አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደው፣ በእርማት ላይ የሚጠቀሙባቸውን ሦስት ወይም አራት ቃላት በሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ እያንዳንዳቸው ምን ማለት እንደሆኑ በምሳሌ እንዲያስረዱ ነው። ከዚያ ወዲያ «ከባድ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ሲመጣ ልጁ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ቃላቱን ለመምረጥ ደግሞ ስህተቱን በሁለት ዓይን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ያስተማረን እንግሊዛዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ፒት ኮርደር ነው። ኮርደር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ «ሚስቴክ»ን እና «ኤረር»ን ለያቸው። ሚስቴክ ሕጉን የሚያውቅ ሰው በድካም፣ በችኮላ ወይም በሐሳብ መበተን የሚፈጽመው መሳት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሌላ ሰው ጫማ አጥልቆ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ የራሱን ጫማ ያውቀዋል፤ ሲነግሩት ወዲያው ይመልሳል። ኤረር ግን ተማሪው እስካሁን በያዘው እውቀት ትክክል ነው ብሎ የሚጽፈው ስለሆነ ደጋግሞ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ ይመጣል፤ ብቻውንም ሊያርመው አይችልም። ኮርደር ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ትልቅ ቦታ የሰጠው ስለሚያሳፍር አልነበረም፤ ተማሪው የቋንቋውን ሕግ በራሱ አእምሮ እየገመተ፣ ግምቱንም እየፈተነ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ «ሲግኒፊካንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ልብ ይበሉ፤ ትልቅ ማለትም ነው፣ ትርጉም አዘል ማለትም ነው፤ በኮርደር አነጋገር ሁለተኛው ይበልጣል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ወረቀቱን ምልክት ሳያደርጉበት መልሰው ይስጡና ደግመው አንብበው እንዲያስተካክሉ ይጠይቋቸው፤ በራሳቸው ያስተካከሉት ሚስቴክ ነው፤ እንዳለ የተዉት ኤረር ነው፤ እርስዎ የሚያስተምሩትም እሱን ነው።

ሁለተኛው ዓይን ስህተቱ በአንባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያይ ነው። በ1972 ማሪና በርትና ካሮል ኪፓርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ስህተት ሲመድቡ፣ በአንድ ቃል ዙሪያ የሚቀረውንና የዓረፍተ ነገሩን አጥንት የሚሰብረውን ለየብቻ አስቀመጡት። ይህን በተማሪዎችዎ ወረቀት ላይ ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። «ቢፎር ቱ ይርስ አይ ኬም ቱ ጎንደር» ብሎ የጻፈ ልጅ «ከሁለት ዓመት በፊት» የሚለውን አማርኛ ቃል በቃል ወስዷል፤ እንግሊዝኛው «ኤጎ» የሚል ቃል ከኋላ ይፈልጋል። ነገር ግን ከለንደንም ሆነ ከናይሮቢ የመጣ አንባቢ ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይረዳዋል። «ኦልዞው ሂ ኢዝ ፑር፣ በት ሂ ኢዝ ክሌቨር» የሚለውም የእኛው «ምንም እንኳ ድሃ ቢሆንም ግን ጎበዝ ነው» የሚል አነጋገር ነው። በአማርኛ «ምንም እንኳ»ና «ግን» ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይፈቅዳል። ይህም ስህተት ነው፤ መታረም አለበት፤ ይሁን እንጂ ትርጉሙ አልጠፋም።

አሁን ደግሞ «ኖባዲ ዲድ ኖት ከም» የሚለውን ይመልከቱ። ልጁ ሊል የፈለገው «ማንም አልመጣም» ነው። በአማርኛ «ማንም» ካለ ግሱ አሉታ መሆን አለበት፤ «ማንም መጣ» ብንል ዓረፍተ ነገሩ ይንጠለጠላል። በመደበኛ እንግሊዝኛ ግን «ኖባዲ» አሉታውን ብቻውን ስለሚሸከም፣ ግሱ ላይ ሌላ አሉታ ሲጨመርበት ሁለቱ ይጣፋሉና «ያልመጣ የለም» ወደሚል ትርጉም ይገለበጣል። አንባቢ ሁሉም እንደመጣ ተረድቶ ይሄዳል። ይህ ልጅ በሥነ ሕይወት ትምህርት የሙከራ ዘገባ ላይ ከዘሮቹ አንዱም አለመብቀሉን በዚህ አገባብ ቢጽፍ፣ ሁሉም በቀሉ ያለ ይመስላል። የፊደል ስህተት የለበትም፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭርና የጠራ ነው፤ ለዓይን ከ«ቢፎር ቱ ይርስ» ይልቅ ያማረ ነው። ከባድ የሚለው ስም የሚገባው ግን ለዚህ ነው።

ሰዋስዉ ፍጹም ሆኖ ሳለ ከሁሉ የባሰ ጉዳት ያደረሰ ስህተት ራሴ ጽፌ አውቃለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ጎንደር ውስጥ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎችን እጽፍ ነበር። ለጥምቀት የመጡ እንግዶች፣ ጥር 11 ሊነጋጋ ሲል ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስዳቸው መኪና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ንገራቸው ተባልኩ። እኔም ሰዓቱን እንዳለ ወስጄ «አት ቴን ኦክሎክ አት ናይት» ብዬ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ከበሩ አጠገብ ለጠፍኩ። የእኛ ሰዓት ከእነሱ ሰዓት ስድስት ሰዓት እንደሚራራቅ አውቃለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን አላሰብኩትም። አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወፍራም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ በሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመው ቆይተው፣ መኪና ሲያጡ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። መኪናው በሰዓቱ መጥቶ ሲሄድ ተኝተው ነበር። ውኃው ተባርኮ፣ ሕዝቡ ተረጭቶ፣ ታቦታቱ ወደየደብራቸው መመለስ ከጀመሩ በኋላ ነቁ። ከዚያም ማስታወቂያው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። «ደጋግሜ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?» አሉኝ። ያን ጽሑፍ መምህር ቢያርመው ሙሉ ነጥብ ይሰጠው ነበር፤ አንባቢዋ ግን ባሕር ተሻግረው የመጡበትን ነገር አጥተው፣ ጥፋቱንም በራሳቸው ላይ ፈልገዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የስህተትን ክብደት የምለካው አንባቢ ባጣው ነገር ነው።

ወደ ሪፖርትዎ እንመለስና፣ እንግሊዝኛ ለትልልቅ ስህተቶች ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ ልናያቸው ይገባል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ እንጂ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። «ሲሪየስ» ከሁሉም የሚታመነው ነው፤ ክብደትን ይናገራል፣ ሰውን አይነካም። «ግሬቭ» ከላቲን ሲመጣ ራሱ ከባድ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ ከ«ሲሪየስ» ይበልጥ የጠነከረና ወግ ያለው ነው፤ ጉዳቱ በእውነት ትልቅ ለሆነ ስህተት ይቆጠብ እንጂ በአንድ ሪፖርት ውስጥ አምስት ጊዜ ከተጻፈ ዋጋውን ያጣል። «ግሌሪንግ» ብዙ ሰው ያለ ቦታው የሚያስገባው ቃል ነው። ዓይን የሚወጋ ብርሃንን የሚያስታውስ ስለሆነ የሚናገረው ስለ ጉልህነት ነው፤ ስለ ክብደት አይደለም። በርዕስ ላይ የተሳሳተ ፊደል «ግሌሪንግ» ነው፤ ጉዳቱ ግን ኢምንት ሊሆን ይችላል። የእኔ የጥምቀት ማስታወቂያ ግን «ግሬቭ» ነበር፤ «ግሌሪንግ» አልነበረም፤ ማንም አላየውምና። ይህን ልዩነት ብቻ ቢይዙ ሪፖርትዎ ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

«ግሮስ» ወፍራም፣ ግዙፍ ከሚል የመጣ ሆኖ በሕግ ቋንቋ ከከባድ ቸልተኝነት ጋር ይያያዛል፤ በወጣቶች አፍ ደግሞ የሚያስጠላ ማለት ሆኗል፤ ለተማሪ ሥራ በፍጹም አይጻፍ። «ኢግሪጂየስ» የሚገርም ታሪክ አለው፤ ከመንጋው ተለይቶ የወጣ ማለት ነበርና ቀድሞ ለምስጋና ይነገር ነበር፤ ዛሬ ግን በክፋቱ ከሌላው ተለይቶ የወጣ ማለት ነው። ይህ ቃል ማወቅ የነበረበትን፣ ለማወቅም ዕድልና ጊዜ የነበረውን ሰው የሚከስ ስለሆነ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለሕዝብ ማስታወቂያ የሚጽፍ ባለሙያ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ገና በመማር ላይ ያለ የ11ኛ ክፍል ልጅ ግን አይጠየቅበትም። «ብላንደር» የዝንጉ ሰው መደናቀፍ ነው፤ «ሃውለር» የሚሳቅበት ስህተት ነው፤ ሁለቱም ከመምህር እስክሪብቶ ባይወጡ እመርጣለሁ። «ሶለሲዝም» የሚለውን ደግሞ በተለይ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ዛሬ በደቡብ ቱርክ በሚገኘው በኪልቅያ ምድር ሶሎይ የምትባል የግሪኮች ከተማ ነበረች፤ የነዋሪዎቿ ግሪክኛ ከአቴናውያን አነጋገር ወጣ ያለ ነው ተብሎ ስሟ ለሰዋስው ጉድለት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከገጠር የመጣን ልጅ በአነጋገሩ የምናሳፍር መምህራን አንድን ከተማ በሙሉ መሳቂያ ካደረገው ከዚህ ቃል ብዙ አንርቅም።

ለሪፖርት ከሁሉም የሚሻሉት ግን ድምፃቸው ዝቅ ያለ ቃላት ናቸው። «ሲስተማቲክ» ቢሉ ስህተቱ ሥርዓት እንዳለው፣ ስለዚህም ሊማሩት እንደሚችሉ ይናገራል። «ሪከረንት» ቢሉ መደጋገሙን ይናገራል። «ማቲሪያል» ከሕግና ከሒሳብ ምርመራ የመጣ ሆኖ፣ የአንባቢን ውሳኔ ሊለውጥ የሚችል ስህተት ማለት ነው፤ ለትምህርት ሪፖርት ብዙም ባይለመድም ለሰዓት፣ ለቀንና ለቁጥር ስህተቶች ይመጥናል፤ በተለይም የእኛን ዓመተ ምሕረት ያለ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ማስፈር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስለሚያመጣ። ከቃሉም ይልቅ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ይበልጣል። «ስህተታቸው የሚሰቀጥጥ ነው» በሚለው ፈንታ፣ «ከ62 ወረቀቶች በይህን ያህሉ ላይ የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም የሚገለብጥ ከባድ ስህተት ተገኝቷል፤ ምክንያቱም ተማሪዎቹ የአማርኛውን ድርብ አሉታ ወደ እንግሊዝኛ ማምጣታቸው ነው፤ ከዚህ ሌላ በብዙዎቹ ወረቀቶች የታየው የመስተዋድድ ስህተት መረዳትን አያግድም» ብለው ቢጽፉ፣ ቁጥሩንም ራስዎ ቆጥረው ቢያስገቡበት፣ የመጀመሪያው ባልደረባዎ በዛ ሊሉ፣ ሁለተኛውም አለሳለስሽው ሊሉ አይችሉም። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ያለ ተማሪው ስም በምሳሌነት ያስገቡ። ርእሰ መምህሩ የእንግሊዝኛ መምህር ባይሆኑም ችግሩን በዓይናቸው ያዩታል።

ሁሉንም ስህተት ማረም ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በዘርፉ ሊቃውንት መካከል ብዙ አከራክሯል። በ1996 ጆን ትረስኮት የሰዋስው እርማት በጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ሊቀር ይገባል ብሎ ጽፎ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ዳና ፌሪስ መልስ ሰጥታዋለች። ከፌሪስ የምወስደው አንድ ነገር፣ በሕግ ሊብራራ የሚችለውን ስህተት በልማድ ብቻ ከሚታወቀው መለየቷን ነው። ድርብ አሉታ ሕግ አለው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይብራራል። የትኛው ግስ የትኛውን መስተዋድድ ይወስዳል የሚለው ግን ብዙ በማንበብ እንጂ በማብራሪያ አይያዝም፤ ስለዚህ አስተካክለው ይለፉት፣ የክብደት ስምም አይስጡት። የተማሪውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ሰርዘው በራስዎ እንግሊዝኛ መተካትም አይመከርም። የፋሲል ግንብ በኖራ የታነጸ ሆኖ ሳለ በጣሊያን ዘመን በስሚንቶ ተጠግኖ፣ ስሚንቶው ከግንቡ ጋር ባለመስማማቱ ኋላ እየተነሳ በኖራ መተካት አስፈልጎታል። የልጅ ጽሑፍም ልጁ ራሱ በሚያውቃቸው ቃላት ቢጠገን ይጸናል። ስለ እስክሪብቶው ቀለም ብዙ አይጨነቁ፤ ቀይ ቢሆንም ሰማያዊ ቢሆንም ልጁ የሚያነበው ቃሉን ነው።

የቀረው የደንቢያው ልጅ ነው፤ ከሪፖርቱ በፊት እሱን እንዲያስቀድሙ እለምንዎታለሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ ይህ ልጅ የጻፈውን እንግሊዝኛ ከእርስዎ በቀር ቁጭ ብሎ የሚያነብለት ሰው ላይኖር ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ታሪኩንም ኬሚስትሪውንም የሚማረው በዚህ ቋንቋ ነው። ባዶ ወረቀት መመለስ ሲጀምር ስንፍና እንዳይመስልዎ፤ የጻፈው ነገር አሳፋሪ ከተባለ፣ አለመጻፍ ከሐፍረት የሚያድን መስሎት ነው።

ከክፍል ውጭ፣ ሌላ ተማሪ በማይሰማበት ቦታ ይጥሩትና ያንን ወረቀት እንዲያመጣ ይጠይቁት። ቀድዶት ከሆነ አይቆጡት። ካመጣው የጻፉትን ቃል እሱ እያየ ይሰርዙትና «ይህን ቃል መጻፍ አልነበረብኝም፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ይበሉት። ይቅርታ የጠየቀ መምህር ይናቃል ብለው የሚሰጉ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን በአርባ ዓመት ውስጥ ይቅርታ በመጠየቁ የተናቀ መምህር አላየሁም። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ትክክል የሆነ ዓረፍተ ነገር ፈልገው ከሥሩ ያስምሩበት፤ የሌለበት ወረቀት የለም። ቀጥሎ አንድ ከባድ ስህተት ብቻ ይምረጡና ከጎኑ በሚገባው ቋንቋ ይጻፉለት፦ «እዚህ ላይ ማንም አልመጣም ልትል ፈልገህ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ያነበበው ሰው ግን ሁሉም መጣ ብሎ ይረዳል። ይህ ከባድ ስህተት ነው። አማርኛህ ትክክል ነው፤ ስህተቱ የመጣው የአማርኛውን አሉታ ወደ እንግሊዝኛው ስላሻገርከው ነው።» ለልጁ ይህን ማሳየት የሚችል ሰው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው፤ ከውጭ የመጣ አራሚ ከእንግሊዝኛው በታች ያለውን አማርኛ አይሰማም፤ እርስዎ ግን ይሰሙታል።

ሌሎቹን ስህተቶች ለጊዜው ይተዉአቸው። ወረቀቱን ሲመልሱለት አንድ ንጹሕ ወረቀት ጨምረው ይስጡት፤ የሚጽፈውም ከአንድ ገጽ ወደ አምስት መስመር ይውረድ፤ ርዕሱን ራሱ ይምረጥ፤ በውስጡም «ኖባዲ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ያግባ። የሚያመጣበትን ቀን ቆርጠው ይንገሩት፤ በዚያ ቀንም ከሌሎቹ 61 ወረቀቶች በፊት የእሱን ያንብቡ።